ሕግ ተምሬ ስለ ኢስላሞፎቢያ ባስተምር እንጀራ ይሆነኛል?

ከቨርጂኒያ የጻፈችልኝ ወጣት የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ናት። ወላጆቿ ከወሎ ናቸው። ሂጃብ ትለብሳለች። ስለ ኢስላሞፎቢያ (ሙስሊሞችን ስለ መጥላትና ስለ መፍራት) እና ስለ ሲቪል መብቶች የሚያጠኑ የሕግ ፕሮፌሰሮችን ትከታተላለች፤ እንደነሱ መሆን ትፈልጋለች። አባቷ ግን «ነርሲንግ ተማሪ፣ ይሄ እንጀራ አይሆንም» ብለዋታል። «እውነት ሥራ ነው ወይስ የኔ ምኞት ብቻ?» ትላለች።

እህቴ፣ ሥራ ነው። ሰዎች እየኖሩበት ነው። የሕግ ፕሮፌሰሯን ሰሃር አዚዝን ተመልከቺ። ቴክሳስ ውስጥ ሕግና የመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት ተማሩ። ጥብቅና ሠሩ። በአሜሪካ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ክፍል አማካሪ ሆኑ። ወደ ማስተማር የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በ2018 ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደህንነትን፣ ዘርንና መብትን የሚያጠና ማዕከል መሠረቱ። የዲትሮይቱ ተወላጅ ካሊድ በይዱንም ዩሲኤልኤ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ነው ወደዚህ ጥናት የመጡት። ሁለቱም በመጀመሪያ የሕግ ሰዎች ናቸው። ዋናው የምነግርሽም ይሄንን ነው።

«የኢስላሞፎቢያ መምህር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥሩት ሕገ መንግሥት፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ የሥራ ወይም የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያስተምርላቸው ሰው ነው። ስለዚህ አንዱን ዘርፍ ጠንቅቀሽ እወቂው። የልብሽ ጥናት እዚያ ላይ ይቆማል።

በአንድ ጉዳይ ላሳይሽ። በ2008 ሳማንታ ኢላውፍ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ተልሳ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አበርክሮምቢ የልብስ መደብር ሥራ አመለከተች። ለቃለ መጠይቁ ጥቁር ሻሽ አድርጋ ሄደች። ስለ ሻሹ ማንም ምንም አላነሳም። ጠያቂዋ ጥሩ ነጥብ ሰጠቻት። ነገር ግን የሻሹ ነገር ስላሳሰባት አለቃዋን አማከረች፤ ለሃይማኖቷ ብላ ሳይሆን አይቀርም ብላ እንደምታስብም ነገረችው። አለቃዋ «ደንባችን ራስ ላይ የሚደረግ ነገር አይፈቅድም፣ አትቀጠርም» የሚል መልስ ሰጠ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የኩባንያው ክርክር «ሃይማኖቷ እንደሚያስገድዳት ራሷ አልነገረችንም» የሚል ሆነ። ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) 20,000 ዶላር ካሳ ፈረደላት። ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። በ2015 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ የይግባኙን ውሳኔ ሻረው። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የሚታየው አሠሪው ምን ያህል አውቆ ነበር የሚለው ሳይሆን፣ ላለመቅጠር ያነሳሳው ምንድን ነው የሚለው ነው አለ።

ጠበቃዋ ድሉን ይዛ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ትሄዳለች፤ መሄድም አለባት። ተመራማሪዋ ግን እዚያው ትቆያለች። ጠያቂዋ አለቃዋን ባታማክር፣ ሻሹን አይታ ዝም ብላ ዝቅተኛ ነጥብ ብትሰጣት ኖሮ ምን ማስረጃ ይገኝ ነበር? ስልክ ሳይደወልላቸው የቀሩት፣ ለምን እንደቀሩም የማያውቁት ሴቶችስ? ወደ ኋላም ሄዳ ትቆፍራለች። በ1942 ሚሺጋን ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ አሕመድ ሐሰን የሚባል የመናዊ ዜግነት ከልክሏል። ሕጉ ያኔ ዜግነትን ለ«ነጭ»ና ለጥቂት ሌሎች ዘሮች ብቻ ይፈቅድ ነበር። ዳኛው ሰውየው ነጭ አይደለም ሲል ከቆዳው ቀለም በተጨማሪ ከሙስሊሙ ዓለም መምጣቱንም ምክንያት አደረገ። ሃይማኖት በሕግ ፊት እንደ ዘር የተቆጠረበት መዝገብ ነው። በይዱን የጻፉትም እንዲህ ባሉ መዝገቦች ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ ስሙን ብቻ አትዪ። ተማሪዎች በመምህር እየታገዙ እውነተኛ ደንበኛ የሚይዙበት ክሊኒክ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ክሊር የሚባል ፕሮጀክት አለ። «ስለ ሙስሊም ወገኖቻችን አንሰልልም ስላልን ኤፍቢአይ በረራ የሚከለክል መዝገብ ውስጥ አስገባን» ብለው ለከሰሱ ሰዎች ቆሟል። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እነዚህ ሰዎች ባለሥልጣናቱን በግል ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ ያለ ልዩነት ወሰነ። እንዲህ ያለ ፋይል የነካች ተማሪ የምትጽፈው ጽሑፍ ይለያል።

አንድ ነገር ደግሞ አለሽ። ስለ አሜሪካ ሙስሊሞች ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ዓረብ ወይም ፓኪስታናዊ ነው። ጥቁሮቹ ግን ጥቂት አይደሉም። አንቺ ጥቁር ነሽ፣ ሙስሊም ነሽ፣ የስደተኛ ልጅ ነሽ። ፖሊስ ቢያስቆምሽ በየትኛው እንዳስቆመሽ ማን ይለይልሻል? ሕጉ ዘርን ለብቻ፣ ሃይማኖትን ለብቻ አድርጎ መመዘን ይቀናዋል። እዚያ መሃል ብዙ ያልተጻፈ አለ። አማርኛሽም ቀላል ሀብት አይደለም፤ የማኅበረሰባችን እናቶች በእንግሊዝኛ የማያወሩትን ላንቺ ይነግሩሻል።

ስለ ገንዘብ አባትሽ መጨነቃቸው ትክክል ነው። ሕግ ሦስት ዓመት ነው፣ ውድ ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ የሕግ ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በዓመት ከ50,000 ዶላር አይበልጥም። ስለዚህ ኤልሳት በሚባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ በርትተሽ ስኮላርሺፕ አሳድጂ። ከተመረቅሽ በኋላ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ሠርተሽ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈልሽ፣ ቀሪው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። ፕሮፌሰርነት ቦታው ጥቂት ነው። ከምረቃ በኋላ ለዳኛ መሥራት፣ ጥቂት ዓመት ጥብቅና፣ ፌሎሺፕ (ለጊዜው እየተከፈለሽ የምታጠኚበት ቦታ)፣ በሕግ ጆርናል የታተሙ ጽሑፎች ይፈልጋል። ባይሳካ ግን ባዶ እጅሽን አትቀሪም፤ የሲቪል መብት ጠበቃ ነሽ። ለአባትሽ ይህን ንገሪያቸው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህ ርዕስ በአደባባይ የሚናገር ሰው ስድብ ይበዛበታል። ከስድቡ ይልቅ ግን የሚጥለው ክርክርን መሸሽ ነው። የደረሰብሽ በደል እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ግን የሌላውን ወገን ክርክር ካንቺ በላይ አሳምሮ የሚያቀርብ ሰው ይጠብቅሻል።

ስለዚህ የኢላውፍን ውሳኔ ፈልገሽ አንብቢ፤ አጭር ነው። ከዚያ በኩባንያው ቦታ ሆነሽ የምትችዪውን ያህል ጠንካራ መከላከያ በአንድ ገጽ ጻፊ። በሁለተኛው ገጽ አፍርሺው። ሁለቱንም ላኪልኝና እናወራለን።