መርዶው በየቀኑ ይነገር?

ጥያቄ፦ እናቴ የ76 ዓመት አዛውንት ስትሆን፣ ሐኪም ዲሜንሺያ የተባለው የመርሳት በሽታ እንዳለባት ነግሮናል። ከዓመታት በፊት ያረፈውን አባቴን «ምነው እስካሁን ቀረ?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ እውነቱን ስነግራት ደረቷን እየደቃች እንደ አዲስ ታለቅሳለች፣ በማግስቱም ረስታው ደግማ ትጠይቃለች። ሲመሽ ደግሞ 30 ዓመት በኖረችበት ቤት ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። ወንድሞቼ እናትን መዋሸት ነውር ነው ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ እህታችን፣ መርዶ የሚነገረው ሰው ቁርጡን አውቆ፣ አልቅሶ እንዲወጣለት ነው። የእናትዎ አንጎል ግን አዲስ የሰማውን ይዞ ማቆየት ስለተሳነው ሐዘኑ አይወጣላቸውም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በወጉ የተነገረን መርዶ ደጋግሞ ማርዳት አይገባም ባዮች ነን። እንዲህ ስንል «አሁን ይመጣል» ብለው ይሸንግሏቸው ማለታችን አይደለም፤ ደጅ ደጁን እያዩ ያመሻሉና። «እማዬ፣ አባዬ ናፈቀሽ እንዴ? እስቲ የሠርጋችሁን ዕለት አጫውቺኝ» ቢሏቸው ግን ሐሰት አልተናገሩም፤ ከዲሜንሺያ ዓይነቶች በብዛት የሚታየው አልዛይመር የቅርቡን አስቀድሞ ሲነጥቅ የወጣትነትን ትዝታ ዘግይቶ ስለሚነካ፣ ጨዋታው ሳይመጣላቸው አይቀርም። ረጋ ባሉበት ሰዓት «ሞቶ ነው?» ብለው ቁርጡን ከጠየቁ፣ እጃቸውን ይዘው በአጭሩ እውነቱን ይንገሯቸው።

የምሽቱ መረበሽ በዚህ ሕመም የተለመደ ነው። ሳይጨልም መብራት ያብሩ፣ የከሰዓቱን ቡና ይቀንሱላቸው (በሲዳማ ምድር ይህን መምከር ድፍረት ቢሆንም)፤ «ቤትሽ ይኸው አይደል?» ብሎ ከመሟገት ይልቅም ግቢውን አብሮ ዞሮ መመለስ ይሻላል። ብቻቸውን ወጥተው ወደ ሐይቁ እንዳያቀኑ በሩ ይጠበቅ፣ ስልክ ቁጥርዎ በልብሳቸው ውስጥ ይሰፋ፣ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎችና ባለሱቆችም ይወቁ።

ሁኔታቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ቢብስ ግን «በሽታው ነው» ብለው አይለፉት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም ወድቆ ጭንቅላትን መመታት ሊሆን ስለሚችል ፈጥነው ሐኪም ያሳዩ። ጠበል ቢወስዷቸውም የታዘዘላቸው መድኃኒት አይቋረጥ።

ወንድሞችዎን በተመለከተ፣ ነውሩን ከመፍረዳቸው በፊት ተራ ገብተው ጥቂት ምሽቶች አብረዋቸው ይደሩ፤ ለእናትዎ ጥያቄም ራሳቸው መልስ ይስጡ።