ከተማ የከረመ በሬ ጉበትና ኩላሊት ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለበዓል ከጎረቤት ጋር ቅርጫ እንገባለን። በሬው አንዳንዴ ከገበያ ይገዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ እዚሁ ሰፈር የከረመ ነው። ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን «ከተማ የዋለ ከብት ጉበቱና ኩላሊቱ ውስጥ ከባድ ብረት ይጠራቀማል፣ ተዉት» አለን። እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ደም እንዲሆንሽ ጉበት ብዪ ይሉኛል። የአራት ዓመት ልጄ ደግሞ ዱለት ነፍሷ ነው። እውነት ነው ወይ? በደንብ ቢበስልስ አይጠፋም?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይጠፋም። እሳት ጀርም ይገድላል፣ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ እጭም ይገድላል፤ ከባድ ብረት የሚባሉትን ሊድን (እርሳስን) እና ካድሚየምን ግን ምንም አያደርጋቸውም። ሎሚውም ሚጥሚጣውም ፍሪጁም እንደዚያው።

ጎረቤታችሁ ያለው እውነት ነው፤ ሥጋ ሁሉ ተበክሏል ማለት ግን አይደለም። ከብቱ በሣር፣ በውኃና በአፈር የሚያስገባው ካድሚየም በዋናነት የሚከማቸው ኩላሊቱ ውስጥ ነው፣ ቀጥሎ ጉበቱ ውስጥ። ቀዩ ሥጋ ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ጣሪያ ልዩነቱን ማየት ትችያለሽ፤ ለአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ 0.05 ሚሊግራም ካድሚየም፣ ለጉበት 0.5፣ ለኩላሊት 1 ሚሊግራም ነው። ከብቱ ባረጀ ቁጥር ክምችቱም ይጨምራል። ስለዚህ ያረጀ የእርሻ በሬ ኩላሊትና የጠቦት ኩላሊት አንድ አይደሉም። ሰው ከበላው በኋላ ደግሞ ካድሚየም በቀላሉ አይወጣም፤ የእኛው ኩላሊት ውስጥ ከ10 እስከ 30 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

የሊድ ነገር ትንሽ ይለያል። ከብትን በሊድ በመመረዝ የታወቀው ዋናው ነገር የተጣለ የመኪና ባትሪ ነው። ከብት ባትሪ ሲያገኝ ይልሳል፣ የተሰበረውን ስብርባሪ እስከ መዋጥ ይደርሳል። ከተማችን ውስጥ ጋራዥ ደጃፍና ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ፌስታል እያገላበጡ የሚውሉትን ላሞች አስቢያቸው። በሊድ የተመረዘ ከብት ዓይኑ ይጠፋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ግንባሩን ግድግዳ ላይ ይገፋል፣ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ከብት «ሳይሞት ይታረድ» ተብሎ በርካሽ ሲቀርብ ነው የምፈራው። እባካችሁ አትግቡበት! ሊድ ባይሆን እንኳ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል።

ጣና ዳር ያላችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። እምቦጭ ከባድ ብረት ከውኃ ስቦ በተለይ ሥሩ ላይ የሚያከማች አረም ነው። መኖ ጠፍቶ ለከብት የሚያጭድ ሰው ቢያንስ የከተማው ፍሳሽ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ አይጨድ፣ ሥሩንም አያብላ።

«ቄራ ተመርምሮ የለ?» የሚል አይጠፋም። ምርመራው በጣም አስፈላጊ ነው፤ ጓሮ ከማረድ ቄራ መውሰድ ሁሌም ይሻላል። ሐኪሙ ጉበቱን በቢላ ሰንጥቆ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ቅጠል የመሰለውን የጉበት ትል ያገኛል፣ ያስጥላል። ሊድና ካድሚየም ግን በዓይን አይታዩም፣ አይሸቱም፣ የጉበቱንም መልክ አይለውጡም። ላቦራቶሪ ካልገባ የሚያውቀው የለም።

አሁን ወደ አንቺ። ለደም ብለሽ ጉበት ላይ አትንጠልጠዪ። ጉበት ቫይታሚን ኤ በጣም ስላለው በብዛት ሲበላ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም፣ የከባድ ብረቱን ነገር ትተን ማለት ነው። ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ሳታቋርጪ ዋጪ። በደንብ የበሰለ ቀይ ሥጋና ምስር ብዪ። ጥሬውንና ለብለቡን እስክትወልጂ ተዪው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ለልጅሽ ጠንከር ልበልሽ። ሕፃን የዋጠውን ሊድ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ደሙ ያስገባል፤ ጉዳቱም አእምሮው ላይ ነው፣ አይመለስም። ለልጅ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አልተገኘም። ስለዚህ ኩላሊት ጨርሶ አትስጫት። ዱለቱ ከገጠር ከመጣ ጠቦት የተሠራና በደንብ የበሰለ ከሆነ ለበዓል ቀን ትንሽ ብትቀምስ አልከለክልሽም። የየሳምንት ምግቧ ግን አይሁን። አይረን ያነሰው ልጅ ሊድን የባሰ ስለሚስብ፣ ገበታዋ ላይ ምስርና ቀይ ሥጋ አይጥፋ።

ባለቤትሽና ጎረቤቶችሽ በዓመት ጥቂት ቀን የቅርጫ ጉበት ቢበሉ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። በሬውን የሚገዛው ሰው ግን ዕድሜውንና የት እንደከረመ ሳይጠይቅ አይክፈል። ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ ላይ የከረመ ወይም ያረጀ ከሆነ ኩላሊቱን አትከፋፈሉት፣ ጉበቱንም ብትተዉት ይሻላል። ለውሻም አይጣል፣ ይቀበር።