በነሐሴ ሮም ለአምስት ሰው ርካሽ ፔንሲዮን፦ ፎቁንና ሰዓቱን ሳትጠይቂ አትክፈይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴው ጉዞ ነው ፊቴ የመጣው። አንቺና ባለቤትሽ፣ የ11 እና የ6 ዓመት ልጆቻችሁ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት እናትሽ፤ በነሐሴ አምስት ሌሊት ሮም ልታድሩ አስባችኋል። ትልቅ ሆቴል ከአቅማችን በላይ ነው፣ ንጹሕና ሰላም ያለው ትንሽ ማረፊያ እንዴት ይገኛል ብለሻል። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሮም ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱ በነሐሴ ነው፣ አንዱን እናቴን ይዤ። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ፣ ሌላው ምክሬ ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው።

በስልኬ ሳየው ከሁሉም የረከሰ፣ ፎቶው ያማረ፣ "ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ" የሚል ፔንሲዮን ያዝኩ። አውሮፕላናችን ዘግይቶ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ደረስን። መንገዱ ላይ ፔንሲዮን የሚመስል ነገር የለም። ያለው አንድ ትልቅ የእንጨት በር ነው፤ ከጎኑ ሃያ የሚሆኑ የደወል ቁልፎች ተደርድረዋል፤ የፔንሲዮኑ ስም ከነዋሪዎቹ ስም መሀል ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ተጽፏል። በስልክ መብራት እየፈለግን አገኘነው። ብንደውል የሚከፍት ጠፋ። ስንት ጊዜ ስልክ ከደወልን በኋላ ሰውየው ከሌላ ሰፈር በሞተር መጣና "የመቀበያ ሰዓት አልፏል" ብሎ 30 ዩሮ ተቀበለን። ከዚያ ደረጃው መጣ። ገጹ ላይ አሳንሰር አለ ይላል፤ በአሳንሰሩ በር ላይ ግን "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በየፎቁ ደረጃው ላይ ቁጭ እያለች፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ "ግድ የለም ልጄ፣ ደረስን እኮ" እያለች ወጣች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፔንሲዮን የሚለውን ቃል ከጣሊያኖች ነው የወሰድነው፤ እኛ ጋ ግን ፔንሲዮን ስንል ግቢ ያለው ሙሉ ቤት ነው የሚታየን። ሮም ውስጥ ብዙዎቹ የአንድ አሮጌ ሕንፃ አንድ ፎቅ ብቻ ናቸው፤ ስድስት ወይም አሥር ክፍል አላቸው፣ ከላያቸውና ከታቻቸው ሰው ይኖራል፤ አንዳንዴ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ፔንሲዮኖች ይኖራሉ። ስለዚህ አሳንሰሩ የፔንሲዮኑ ሳይሆን የሕንፃው ነው፤ ቢበላሽ ባለቤቱ ነገ አያስጠግነውም። ደግሞ ምድር ቤቱን ፎቅ ብለው አይቆጥሩትም። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ የእነሱ አራተኛ ፎቅ በእኛ ኮንዶሚኒየም ስድስት ሊሆን ይችላል። እናትሽን ይዘሽ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠይቂው ዋጋውን አይደለም፤ "ስንተኛ ፎቅ ነው? አሳንሰሩ በዚህ ሳምንት ይሠራል? ወደ አሳንሰሩስ ለመድረስ ስንት ደረጃ ይወጣል?" ነው። ሁለተኛ ወይም ከዚያ በታች ካገኘሽ በቀን አምስት ዩሮ ብትጨምሪም አይቆጭሽ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ትንንሾቹ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው የላቸውም። አውሮፕላናችሁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚያርፍ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት "በዚህ ሰዓት እንደርሳለን፣ ማን ይቀበለናል? ተጨማሪ ክፍያ አለው?" ብለሽ ጻፊ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። ኤሲውንም እንዲሁ ጠይቂ። ሮም በነሐሴ 35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፣ ድንጋዩ ሌሊትም ሙቀቱን ይተፋል። አንዳንድ ፔንሲዮን ኤሲውን በቀን ለብቻው ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ያለው ፋን ብቻ ነው። መስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሆነ ክፍል ብርሃን ቢያንሰውም ጸጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እሱን ነው የምጠይቀው።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት የከተማው የማደሪያ ቀረጥ አለ። በስልክሽ በምታዪው ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም፣ እዚያው ስትደርሱ ነው የሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜም በጥሬ ገንዘብ። ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ነው የሚቆጠረው፤ እኔ ስከፍል ባለ አንድ ኮከብ ሆቴል 4 ዩሮ፣ ባለ ሦስት ኮከብ 6 ዩሮ ነበር፣ ገስት ሃውስም ከ6 ዩሮ አያንስም። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ትንሹ ልጅሽ ነጻ ነው፣ የ11 ዓመቱ ግን ይከፍላል። ስለዚህ አራት ሰው፣ አምስት ሌሊት፣ በ6 ዩሮ ሲሰላ 120 ዩሮ ነው፤ በ4 ዩሮ ቢሆን 80። ሁለት ማረፊያ ስታወዳድሪ ይህን ደምረሽ አወዳድሪ፤ "ርካሹ" ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ነሐሴ መምረጣችሁ ለኪስ አይከፋም። ሮም ክፍል የሚወደደው በፀደይና በመስከረም አካባቢ ነው፤ በነሐሴ የከተማው ሰው ራሱ ወደ ባሕር ስለሚሄድ ዋጋው ረገብ ይላል። በፈረንጅ ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ "ፌራጎስቶ" የሚሉት ትልቅ በዓል አለ፤ እነሱም የእመቤታችንን ዕርገት ነው የሚያከብሩበት። በዚያ ሳምንት ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤትና ሱቅ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ፔንሲዮንም ራሱ ይዘጋል። ቀናችሁ በዚያ መሀል ከዋለ በረንዳው ሥር ያለው ካፌ ክፍት እንደሚሆን አትተማመኚ።

እዚህ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። እናትሽ ከነሐሴ 1 እስከ 15 መጾማቸው አይቀርም፣ ልጆቹም ሊጾሙ ይችላሉ። የትንንሽ ፔንሲዮኖች "ቁርስ ያካትታል" ማለት ብዙ ጊዜ ኮርኔቶ የሚባል ቅቤና እንቁላል ያለው ጣፋጭ ዳቦና ወተት ያለበት ቡና ነው። ለጾመኛ ምንም አይጠቅምም፣ ግን ዋጋው ክፍሉ ላይ ተደምሯል። "ያለ ቁርስ ስንት ነው?" ብለሽ ጠይቂ፤ እኔ ጠይቄ ቀንሰውልኛል። ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ፍሪጅ ካለ ፍራፍሬና ውሃ ታስቀምጫለሽ። ለጾም ምግብ ሮም ቸር ከተማ ናት፦ ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ፎርኖ (ዳቦ ቤት) ገብተሽ ፒዛ ሮሳ፣ ማለት አይብ የሌለው ቀይ ፒዛ፣ ብትዪ በሚዛን ቆርጠው ይሰጡሻል። ፓስታ በቲማቲም ስታዝዢ "ሴንሳ ፎርማጆ" በይ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ከተርሚኒ ጀርባ ባሉት መንገዶችም የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች አሉ፤ እናቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ሽሮ ስታገኝ ፊቷ የበራውን አልረሳውም።

አሁን ለእናንተ ከሁሉ በላይ ወደምመክረው ልምጣ፤ የካቶሊክ ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት ማረፊያ ነው። በጣሊያንኛ "ካዛ ፐር ፌሪዬ" ይባላል። ለተሳላሚ የተዘጋጁ ክፍሎቻቸውን ለማንኛውም እንግዳ ያከራያሉ፤ እኔ በሄድኩበት ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። በሁለተኛው ጉዞዬ እንዲህ ባለ ቤት ነው ያረፍኩት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጠባብ አልጋ፣ በካውያ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ መስቀል፤ ቴሌቪዥን የለም። ወለሉ መልክ ያሳያል። ከታች ብርቱካን ዛፍ ያለበት ግቢ አለ፤ ማታ ማታ አሮጊቷ ሲስተር አትክልቱን ስታጠጣ ልጆች ይከተሏታል። ከውጭ ያለው ጫጫታ ከዚያ ግንብ አያልፍም። የሚከብደው አንድ ነገር በሩ ነው፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ አንዳንዱ ጋ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ልጅና ትልቅ ሰው ይዞ ለሚሄድ ግን ይህ ችግር አይደለም። ብዙዎቹ ትልልቆቹ የሆቴል መተግበሪያዎች ላይ ስለሌሉ የቤቱን ስም ከነሰፈሩ ፈልገሽ ቀጥታ በኢሜይል ትጽፊያለሽ። አጭር አድርጊው፦ ቀኑ፣ ስንት ሰው፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ "ደረጃ የማይችሉ ትልቅ ሰው አሉ"። አምስት ሰው አንድ ክፍል አይሰጡሽም፤ ሦስት አልጋና ሁለት አልጋ ያላቸው በአንድ ፎቅ ላይ የሆኑ ሁለት ክፍሎች ጠይቂ፣ የ11 ዓመቱ ከአያቱ ጋር ይተኛል።

ሮም ውስጥ በገዳም ቤት ማረፍ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለእናትሽ ንገሪያቸው። ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለእኛ መነኮሳት የተሰጠ ነው፣ ሮም የሚደርሱ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎችም የሚያርፉት እዚያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት በዚያ ቤት እየኖሩ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ቆሜ ይህን ስነግራት እናቴ አማተበች፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋን የዘመድ አገር አድርጋ ነው የተራመደችባት።

ሰፈርን በተመለከተ፦ ከተርሚኒ በምሥራቅ በኩል ያለው የካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወገን ፔንሲዮን የበዛበት ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ቀን ደህና ነው፣ ማታ ጣቢያው ዙሪያ ሻንጣሽን አጥብቀሽ ያዢ። ለእናንተ ሳን ጆቫኒ ይሻላል፤ ሜትሮ አለው፣ የሰፈር ሰው የሚኖርበት ነው፣ ዳቦ ቤቱም ገበያውም ቅርብ ነው። ፕራቲም መንገዱ ሰፊና ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል፣ ወደ ቫቲካን በእግር ይደረሳል፤ ዋጋው ግን ትንሽ ከፍ ይላል። ትራስቴቬሬ ያምራል፤ ሌሊት ግን ጫጫታው አያስተኛም፣ በልጅ አልመክርም። በተርሚኒ ስታልፉ ለትልቁ ልጅሽ ከጣቢያው ፊት ያለውን አደባባይ አሳዪው፤ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" የተባለው በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው። ዘርዓይ ደረስም በ1938 እ.ኤ.አ. ጎራዴውን የመዘዘው እዚያው አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ተወስዶ በቆመው የይሁዳ አንበሳ ፊት ነው። እኛ ተርሚኒን ርካሽ ክፍል ስንፈልግ ብቻ እናውቀዋለን፣ ልጆቻችን ግን ይህንን ይወቁ።

ለእናትሽ ቪዛ ማረፊያ የተያዘበት ወረቀት ስለሚጠየቅ በነጻ የሚሰረዝ ቦታ ያዢ፣ ስማቸውም ወረቀቱ ላይ ልክ ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ቪዛው ሳይመጣ የማይመለስ ክፍያ አትክፈይ። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ ማስታወቂያው ላይ "ሲ አይ ኤን" (CIN) የሚባል መለያ ቁጥር ማውጣት አለበት፤ እሱ የሌለውን እለፊው። "ከመተግበሪያው ውጭ በባንክ ላኪልኝ፣ እቀንስልሻለሁ" የሚል ሰው ከመጣም መልስ አትስጪው። ማረፊያው እንግዶቹን ለፖሊስ ማስመዝገብ ግዴታው ስለሆነ የሁላችሁም ዋናው ፓስፖርት፣ የልጆቹም ጭምር፣ በእጅ ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ተርሚኒ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ለአንድ አዋቂ 14 ዩሮ ነው። ለቤተሰብ ታክሲው ሊመች ይችላል፤ በጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ ዋጋው ቁርጥ ነው። ለአምስት ሰውና ለሻንጣ የሚበቃ መኪና ጠይቂ። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈስባቸው ብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ይጠጣል። አፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውሃው ሽቅብ ይፈልቃል፤ ልጆቹ ከዚያ አይነሡልሽም።

ቀኑን ስትቆርጪና ሁለት ሦስት ቦታ ስትመርጪ አድራሻውን ከነፎቁ ላኪልኝ። መንገዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ለእናትሽ እንደሚሻል እነግርሻለሁ፣ ለሲስተሮቹ የምትጽፊውንም ኢሜይል በጣሊያንኛ አዘጋጅልሻለሁ።