ስክሪን ላይ ሰማያዊ የነበረው ካርድ ታትሞ ሲመጣ ለምን ሐምራዊ ሆነ?

ከሐይቅ ከተማ የጻፈችልኝ እህት ግራፊክስ ቤቷ ቁጭ ብላ በላፕቶፕ እየተማረች ነው፣ የመጀመሪያ ሥራዋ የአክስቷ ልጅ የኒካህ መጥሪያ ነበር፣ 200 ካርድ ደሴ ልካ አሳተመች። «ጋሼ፣ ስክሪኔ ላይ ድምቅ ያለ ሰማያዊ ነበር፣ ታትሞ ሲመጣ ሐምራዊ። በነጭ የጻፍኩት ስም ተደፍኗል፣ ዙሪያውን ያደረግኩት መስመርም አንዱ ጎን ለዳሩ ተጠግቶ ሌላው ርቆ ነው የመጣው። ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸው እኔ? መሠረቱንስ ከየት ልጀምር?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ። ትንሽ የነሱም እጅ አለበት፣ የበዛው ግን ያንቺ ነው፣ ደግሞ ሁላችንም በዚሁ አልፈናል።

ስክሪንሽ የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ቀይ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ተደባልቆ አይንሽ ውስጥ ይገባል። ወረቀት የራሱ መብራት የለውም፣ ላዩ ላይ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም በነጠብጣብ ይቀመጣል፣ የምናየው ከቀለሙ ተርፎ የተመለሰውን ብርሃን ነው። ስለዚህ ያ እንደ ኒዮን የሚያበራው ሰማያዊ በአራቱ ቀለም ጭራሽ አይወጣም፣ ፋይሉን በአርጂቢ (በስክሪኑ ሦስት መብራት) ስትልኪ ማሽኑ የሚቀርበውን ይፈልግና ሳያኑንም ማጀንታውንም አብዝቶ ይጭናል፣ የሁለቱ መጠን ሲቀራረብ ደግሞ ውጤቱ ሐምራዊ ነው። መፍትሄው ከመጀመሪያው ዶክመንቱን በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለም) መክፈት ነው፣ ከዛ ለሰማያዊ የማጀንታው ቁጥር ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ይነስ፣ ሳያን 100 ከሆነ ማጀንታ 60 አካባቢ አድርጊና እይው። ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ሲልብሽ እንዳትደነግጪ፣ ቁጥሩን እንጂ ስክሪኑን አትመኚ።

እኔ ስጀምር ለአንድ ማር ነጋዴ 1000 ሌብል ፕሩፍ (የሙከራ ናሙና) ሳላወጣ አሳተምኩ፣ ቢጫው ውስጥ ትንሽ ሳያን ተደብቆ ነበር አላየሁትም፣ ወላሂ ሌብሉ በሙሉ ወደ አረንጓዴ ሄዶ ማሩ የሻገተ መሰለ። ከኪሴ ከፍዬ ነው እንደገና ያሳተምኩት። ቢጫ ሳያን አይችልም፣ ጠብታ ስትነካው ይቀየራል።

የስሙ መደፈን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀጭን ነጭ ፊደል በሁለት ሦስት ቀለም በተሠራ ጨለማ መደብ ላይ ስታስቀምጪ እያንዳንዱ ቀለም ለፊደሉ የራሱን ክፍተት ይተዋል፣ እነዛ ክፍተቶች በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ፊደሉን አንዱ ቀለም ይበላዋል። የኛ ፊደል ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው፣ የ«ሎ» ቀለበት ከተደፈነ ወሎ ወሎ መሆኑ ይቀራል። ኦፍሴት በሚባለው የኅትመት ማሽን ላይ ከሆነ የወረቀቱም ነገር አለ፣ ክረምት ላይ በደሴ ጉም ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይለጠጣል፣ አንዱን ቀለም አትመሽ ሁለተኛውን ስታስከትይ ልኩ አይገጥምም፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስላለ እንዲህ አያስቸግርም። ስለዚህ ነጭ ጽሑፍ ወፈር ያለ ፎንት ይሁን፣ ከ9 ፖይንት አታሳንሺው። በነጭ ወረቀት ላይ ለሚጻፍ ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ ጥቁሩን ብቻ 100 አድርጊ፣ አራቱን አትደባልቂ።

መስመሩ እንኳን ቀላል ነው፣ ከተሩ (መቁረጫ ማሽኑ) ወረቀቱን ደራርቦ ስለሚቆርጥ አንድ ሚሊ ወዲህ ወዲያ ማለቱ አይቀርም፣ መስመርሽ ከዳሩ 2 ሚሊ ላይ ከሆነ ያቺ አንድ ሚሊ ታሳጣሻለች። ወይ 8 ሚሊ ወደ ውስጥ አስገቢው ወይ ተይው፣ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። መደቡን በየጎኑ 3 ሚሊ ትርፍ ስጪው፣ 10 በ20 ሳንቲም ካርድ 10.6 በ20.6 ሆኖ ይላካል ማለት ነው።

አላላኩስ? ፎቶ አድርገሽ በቴሌግራም ከሆነ የላክሽው ቴሌግራም ራሱ አሳንሶታል፣ ፒዲኤፍ አድርጊና በፋይል ላኪ፣ ፎቶ ካለበት በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። በድሮ የግዕዝ ፎንት የጻፍሽው ከሆነ እነሱ ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊከፈት ይችላል፣ ከመላክሽ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይሪው፣ ግን ኦሪጅናሉን ሌላ ቦታ አስቀምጪ ምክንያቱም ከርቭ ከሆነ በኋላ የሙሽራው ስም ተሳስቷል ቢሉሽ በኪቦርድ አታርሚውም።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከዩቲዩብ በፊት ቤት ያለ የብስኩት ካርቶን ፍቺና የተጣበቀበትን ልሳን እይው፣ ብዙ ጊዜ ተደርድረው የታተሙ ትናንሽ ባለቀለም ሳጥኖች አሉ፣ አታሚው ቀለሙን የሚቆጣጠርባቸው ናቸው። ከዛ ሥዕሉን በማጉያ መነፅር ተጠግተሽ እይው፣ ቡኒ ያልሽው ብስኩት የቢጫ፣ የማጀንታና የሳያን ነጠብጣብ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያን ቀን ነው ኅትመት የሚገባሽ።

የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አንድ ናሙና በዛው ወረቀት አትመው ሳያሳዩሽ 200ውን መልቀቃቸው ነው፣ ላሚኔሽን (ስስ የላስቲክ ሽፋን) ካለውም ናሙናው ላሚኔት ተደርጎ ይታያል፣ የማያብለጨልጨው፣ ማት የሚባለው ሽፋን ቀለም ያደበዝዛል። ሳታይና ሳትፈርሚ እትም አትበይ። አሁን እንደገና የምታሳትሚ ከሆነ ያስተካከልሽውን ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ደሴ ነይና ናሙናውን ራስሽ እይ፣ ግን በጠዋት አትምጪ፣ ጉሙ ሲገፈፍ አራት አምስት ሰዓት ላይ ይሁን፣ ካርዱን ከሱቁ መብራት አውጥተሽ በረንዳ ላይ ነው ማየት ያለብሽ።