ጋዙ አያስተኛም፣ ፍርሃቱን ግን ያበርዳል

እህቴ፣ «የመንጋጋ ጥርሴ ሊነቀል ነው፤ ሐኪሙ በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ ልስጥሽ አለኝ። ራሴን ብስትስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፍርሃትሽ በደንብ ይገባኛል። እኔ ልጅ እያለሁ ማደንዘዣው ሳይዘኝ ጥርስ ነቅለውብኛል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጥርስ ሐኪም ደጅ አልረገጥኩም። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው የሄድኩት።

ጋዙ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ «የሳቅ ጋዝ» የሚሉት። ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ ራሱ ኦክስጅኑ ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። አፍንጫሽ ላይ ትንሽ ጭንብል ያደርጉልሻል። እኔን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጣቶቼን ነዘረኝ፣ እግሬ ከበደኝ፣ ተወጥሮ የነበረው ትከሻዬ ወረደ። የመሰርሰሪያው ድምፅ ይሰማኛል፤ ግን ጎረቤት ቤት ያለ ነው የሚመስለው። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እመልስላታለሁ። ራሴን አልሳትኩም።

ድዱን ግን እንደ መርፌ አያደነዝዝም። በ1845 ሆራስ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ቦስተን ላይ በዚህ ጋዝ ብቻ የሰው ጥርስ ሲነቅል ታካሚው ጮኾበት በሰው ፊት አፍሯል። ስለዚህ መርፌው አይቀርልሽም። ለእኔ ትልቁ ጥቅም እሱን መርፌ ሳልንቀጠቀጥ መወጋቴ ነው።

መጀመሪያ ጋዙ በዛብኝና ራሴ ዞረ፣ አቅለሸለሸኝ። እጄን ሳነሳ ሐኪሟ ቀነሰችልኝ፤ ወዲያው ተሻለኝ። አንቺም ሳይጀመር ከሐኪሙ ጋር በምልክት ተስማሚ። ሆድሽንም ሞልተሽ አትሂጂ።

እርጉዝ ከሆንሽ፣ የሳንባ ሕመም ካለብሽ፣ ወይም በቅርቡ ዓይንሽን ወይም ጆሮሽን ከተሠራሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትንም እንዳትረሺ፤ ጋዙ ቫይታሚኑን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ጾም የምናበዛ ሰዎች ይህን ቀለል አድርገን ማየት የለብንም። በዕለቱ ጉንፋን ይዞ አፍንጫሽን ከደፈነው ደግሞ ቀጠሮውን ቀይሪው፤ የምትስቢው በአፍንጫ ነውና።

ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ሰጡኝ። ጭንቅላቴ ጠራ፤ ሐኪሟ አይታኝ ስትፈቅድልኝ ራሴ ነድቼ ገባሁ። በአፍ የሚወሰድ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ ቢጨምሩልሽ ግን መንዳት የለም፤ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ዋጋውን ስትደውዪ ጠይቂ። የእኔ ኢንሹራንስ መንቀያውን ከፍሎ ጋዙን አልከፈለም።