ኮምፒውተር ብቻ ያለበት የሲኤንሲ ሥልጠና ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። የምኖረው ልደታ ነው። አንድ ማሠልጠኛ የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ብረት መቁረጫ) ፕሮግራም አዘገጃጀትን በሦስት ወር አስተምራለሁ ይላል፤ ትምህርቱ በሙሉ በኮምፒውተር ነው። ኮድ መጻፍ ስለምችል የሚከብደኝ አይመስለኝም። ልመዝገብ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሙያውን ያዢው፤ ለዚህ ሥልጠና ግን ገንዘብ አትክፈዪ።

ማሽኑ የሚታዘዝበት ጂ ኮድ እንደማይከብድሽ አምናለሁ። ጂ00 ፈጣን ጉዞ፣ ጂ01 በቀጥታ መቁረጥ፣ ጂ02 እና ጂ03 ቅስት፣ ኤም30 ማብቂያ ነው፤ ፕሮግራም ለሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ የሚለመድ ነገር ነው። የሚለየው የስሕተቱ ዋጋ ነው። ፋኑክ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ብዙ የማሽን መቆጣጠሪያዎች ላይ 50 ሚሊ ሜትር ለማለት «ኤክስ 50» ጽፈሽ ከኋላው ነጥብ ማድረግ ከረሳሽ፣ ማሽኑ እንደተስተካከለበት መንገድ 50 ማይክሮን፣ ማለትም 0.05 ሚሊ ሜትር አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መቁረጫው ከብረቱ ርቋል ስትዪ እዚያው አጠገቡ ቆሟል፤ ቀጣዩ መስመር ፈጣን ጉዞ ከሆነ ብረቱን አጥብቆ የያዘው ሞርሳ ውስጥ ይገባል። ልምድ ያለው ሰው አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ በባዶ አየር ላይ፣ መስመር በመስመር፣ እጁን ከማቆሚያው ሳያርቅ የሚያስኬደው ለዚህ ነው። ይህንን በስክሪን ላይ መማር አይቻልም።

ሌላው ጉዳይ የከተማችን ሥራ ጠባይ ነው። በትናንሽ ወርክሾፖች ፕሮግራም የሚጽፈው፣ ብረቱን የሚያስረው፣ ማሽኑን የሚያስነሣውና የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። አንድ ሺህ ተመሳሳይ ዕቃ የሚያዝዝ ደንበኛም ብርቅ ነው። የሚመጣው የተበላ ዘንግ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ «ከውጭ ለማስመጣት ምንዛሪ የለም፤ እንዲህ ያለ ሥሩልኝ» የሚል ነው። ንድፍ የለውም። በማይክሮሜትር ስትለኪው 49.93 ይላል እንበል። ጀማሪ 49.93 ብሎ ፕሮግራሙን ይጽፋል። አዋቂው ግን ኩሽኔታው የታለ ብሎ ይጠይቃል፤ 6210 የሚል ቁጥር ካየ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዝቶ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያውቃል፤ ዘንጉ ላይ የጎደለውም በመበላቱ እንደሆነ ይገባዋል። እንደኔ አስተያየት ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ተግባረ ዕድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደሽ ስለ ማሽኒንግ ሥልጠናዎችና ስለ ብቃት ምዘናው ጠይቂ፤ ከልደታ ሩቅ አይደለም። ዲግሪ ይዤ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ልመለስ እንዴ ብለሽ እንዳታፍሪ። ጎን ለጎን ቶርኖ ቤት ረዳት ሆነሽ ለመግባት ሞክሪ፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ አንዳንዱም ሴት መሆንሽን አይቶ ሊያንገራግር ይችላል። አንቺ ግን ፀጉርሽን ጠቅልለሽ አስረሽ፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ ሂጂ፤ በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንትም እንዳታደርጊ። እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ባለቤቱ ከበር ላይ ይረዳል።

የኮምፒውተሩን ክፍል ቤትሽ ተማሪው። ፍሪካድ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ንድፉንም ይሠራል፣ ጂ ኮዱንም ያወጣል።

ያም ሆኖ ማሠልጠኛውን ካልተውሽው፣ ሳትከፍዪ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ የሚቆርጠው ብረት ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ መቁረጫ፣ ጠርዙ ተራ ብረት ላይ በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት እንዲቆርጥ በደቂቃ ስንት ዙር ይሰጠዋል? መልሱ ወደ 800 ዙር ነው፤ ካርባይድ ከሚባለው በጣም ጠንካራ ቁስ በተሠራ መቁረጫ 100 ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 3,200 ይጠጋል። አስተማሪው ይህንን በወረቀት ላይ ወዲያው ካላሰላልሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ፤ ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ግዢበት።