ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ

በቀደም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንድ ወጣት የፕሮጀክት ባለሙያ «ጋሼ፣ ሕዝቡን እንዴት አድርጌ ላሳምነው?» አለኝ። ሦስት መቶ ሰው ሊሰበስብ ነው። ስላይዱ አልቋል። ባነሩ ታትሟል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፎበታል። የአበል መክፈያ ቅጹ ሳይቀር ተዘጋጅቷል። የቀረው ሕዝቡ ብቻ ነው።

ሳቄ አመለጠኝ። በእሱ አልሳቅኩም፤ ራሴን አይቼበት ነው።

ልጆቼ፣ እኔ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የወሎን ጋራ ስወጣና ስወርድ ነው፤ ጉልበቴም እዚያው ቀርቷል። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ስለ እርከን የሚያስተምራችሁ ሞልቷል። እኔ ስለ ስብሰባ ላውራችሁ። የተበላሹብኝን ሥራዎች ዞር ብዬ ስቆጥር አብዛኞቹ የተበላሹት ገና ስብሰባው ላይ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በ1970ዎቹ ነው። የ1966ቱ ረሃብ ጠባሳ ገና አልደረቀም። የወሎ ተራራ ተራቁቷል፤ በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት እየታደለ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተከላል። እኔ ሜጋፎን ይዤ ዋርካ ሥር ቆሜ «ይህ ተራራ ከዛሬ ጀምሮ ተከልሏል፤ ከብት አይገባም» አልኩ። «የምትቃወሙ አላችሁ?» አልኩ። ማንም የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያኔ ቆንጆ ነበር።

ችግኙ ጸደቀ። አልዋሽም፣ አምሮ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ግን በወሎ ብዙ ቦታ የተተከለው ደን በመጥረቢያ ወረደ፤ እርከንም ፈረሰ። የእኔ ተራራም አልቀረለትም። ስደርስ አንድ ሽማግሌ ግንድ እየጎተቱ አገኘኋቸው። ችግኙን ሲተክሉ የማውቃቸው ሰው ናቸው።

«አባባ፣ በእጅዎ የተከሉትን?»

ግንዱን አስቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔማ የተከልኩት ለስንዴው ነው። ዛፉ ያንተ ነበር። የእኛንማ ማን ነክቶት።» በዱላቸው ማዶ አሳዩኝ። የሼኹ መቃብር ዙሪያ ያለው ወይራ እንዳለ ቆሟል። ወዲያ ማዶ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ደንም እንደዚያው።

ያንን መልስ ለመዋጥ ዓመታት ፈጀብኝ።

በኋላ ላይ አንድ ሥልጠና ላይ ኦፕን ስፔስ የሚባለውን የስብሰባ ዘዴ ተማርኩ። የጀመረው ሃሪሰን ኦውን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውየው አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ትልቅ ጉባኤ ያዘጋጃል። ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ የወደደው የቡና እረፍቱን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1985 ስብሰባውን ራሱን እንደ ቡና እረፍት አደረገው። ሰው በክብ ይቀመጣል። አጀንዳ የለም። ጉዳይ ያለው ሰው ተነስቶ ጉዳዩን ይናገራል፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ሌላው የሚፈልገውን መርጦ ይሄዳል። የማይማርበትና የማይጠቅምበት ቦታ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በሁለት እግሩ ተነስቶ ወደ ሌላው ይዞራል። የክቡንና የገበያውን ነገር ላይቤሪያ ውስጥ ካየው መንደር እንደወሰደም ጽፏል። ወሎ መጥቶ ከአቦል እስከ በረካ ቢቀመጥማ ያ አንድ ዓመት ይተርፈው ነበር።

ሌላም ዘዴ አለ። ማርቪን ዋይስቦርድና ሳንድራ ጃኖፍ ያስፋፉት ፊውቸር ሰርች ከ60 እስከ 80 ሰው ይዞ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጉዳዩ የሚነካው ወገን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ መገኘት አለበት። ገንዘብ ያለውም፣ ሥልጣን ያለውም፣ መከራውን የሚያየውም። ደግሞ በመሀል ሁለት ሌሊት ማደር አለ። ይህን ስሰማ አበጋሮቻችን፣ የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ ትዝ አሉኝ። አበጋር ደም ሲያደርቅ ገዳይና የሟች አባት ብቻ አይጠሩም፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይቀመጣል። ነገሩ ሲከር «ይደር» ይባላል። ሰው ቤቱ ሄዶ ከሚስቱ ጋር ይማከራል። በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

«የኛ ባህል ሁሉን ያውቃል» ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ሽምግልናው ላይ ሴቷ የት ናት? ወጣቱስ? ጥግ ላይ ቆሞ ውኃ ያመላልሳል። ክቡን ከአባቶቻችን እንውሰድ፤ ማን እንደሚቀመጥበት ግን እናስፋው። እኔ ሴቶቹን የማገኘው በዱበርቲዎቹ፣ ተሰባስበው በሚጸልዩትና በሚመርቁት የወሎ እናቶች፣ በኩል ነበር። ቅሬውም፣ የወሎ እድሩ፣ አለ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ቀብር የሚያወጣው ቅሬ ከማንኛውም የባለድርሻ አካላት ዝርዝር ይበልጣል። የቅሬውን ጠሪ ያልያዘ ስብሰባ ለእኔ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ አንዱ ቀን ልውሰዳችሁ። 1990ዎቹ መጨረሻ፣ ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው በክብ ተቀምጧል። ማርከርና ወረቀት ይዣለሁ፤ አብዛኛው ሰው ግን አያነብም። ስለዚህ «ጉዳይ ያለው ጉዳዩን የሚያሳይ ዕቃ ያምጣና አንዱ ዛፍ ሥር ያስቀምጥ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ዝም። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። አጠገቤ ያለው ኃላፊ ጎኔን በክርኑ እየነካ «ኧረ ተናገር!» ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፌን የበላኝ ጊዜ የለም። ይህን ዝምታ ልመዱት። የሙያው ግማሽ እሱ ነው። እናንተ ከሞላችሁት ስብሰባው የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ሰውዬ ተነሳና የከብት ገመዱን ግራሩ ሥር ጣለ። ግጦሽ ማለቱ ነው። ሌላው የማሽላ ራስ አመጣ። አንድ ልጅ የተቀደደ ደብተር። ከዚያ አንዲት ሴት ቢጫ ጄሪካን ይዛ መጥታ ትንሿ ወይራ ሥር አስቀመጠች። ባዶ ነው፤ ሲቀመጥ ጮኸ።

ገመዱ ጋ መቶ ሰው ሄደ። ጄሪካኑ ጋ ሦስት፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ግንበኛ። አዘንኩላት። ልሄድላት ተነስቼ ነበር፣ መለስኩት። ረፋዱ ላይ ግንበኛው በሁለት እግሩ ተነስቶ ወደ ገመዱ ሰዎች ሄደ። «እናንተ ስለ ግጦሽ ታወራላችሁ፤ ምንጫችንን የሚያደፈርሰው እኮ የናንተ ከብት ነው» አላቸው። ተጯጯሁ። ገመዱና ጄሪካኑ አንድ ዛፍ ሥር ገቡ። ማታ ላይ ከምንጩ በላይ ያለው ገደል ይከለል ተባለ፤ ከብት አይገባም፣ ሣሩን ግን እያጨዱ ይሸከማሉ። ማን እንደሚጠብቅ፣ የገባ ከብት ስንት እንደሚቀጣ ሁሉንም ራሳቸው ቆረጡ።

አያችሁት? እኔ በሜጋፎን ያወጅኩት ክለላ ነው። መሬቱ እኔ ካርታ ላይ ከማሰምረው ግማሽ አይሞላም፤ መስመሩም ጠማማ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሣሩ ጉልበቴ ድረስ ነበር።

ሁሌ እንዲህ አይሳካም። አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶኝ ሄጄ፣ አለቃው «በአጭሩ» ብሎ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ የእሱ ንግግር ግልባጭ ሆነ። አለቃ ካለ ሦስት ደቂቃ ስጡትና እንደ ሰው ክቡ ውስጥ አስቀምጡት። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጤና ኬላው ቦታ ተለክቶ፣ ችካል ተመትቶ ካለቀ በኋላ «ሕዝቡን አወያይ» ተባልኩ። አንድ ገበሬ «ሙሽራዋ ከተዳረች በኋላ ነው እንዴ ሽማግሌ የምትልኩት?» አለኝ። አፈርኩ። ውሳኔው ካለቀ ሰው አትጥሩ። «ተወስኗል» ብላችሁ በቀጥታ ንገሩት፤ ይቆጣል እንጂ አይንቃችሁም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። የገበያውን ቀን ጠይቁ። ዓርብ ጁምዓ አለ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም ነው። አበል ካለ ለሁሉም እኩል፣ ከሌለም ቀድማችሁ ተናገሩ። ማን ምን እንደያዘ ሰዉ ሳይበተን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «በሙሉ ድምፅ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ለእኔ ስትሉ ተዉአት።

ያን ቀን ተሁለደሬ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ በደስታ ፎቶ ላነሳ ዕቃዎቹን እየደረደርኩ ነበር። ያቺ ሴት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ስብሰባው አለቀ አይደል፣ ጋሼ?»

«አዎ፣ አለቀ።»

«እንግዲያ ጄሪካኔን ስጡኝ። ውኃ ሳልቀዳ መሸብኝ።»